ፍልፈሉ አንኳኩቷል

ፍልፈል የጎረቤቱን ግድግዳ አንኳኩቶ፣ ጎረቤቱም ከማዶ ሆኖ ሲመልስለት በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። አንኳኪውንም በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ። ቦታው ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ የአያ አንሙት ድንች ማሳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ መሬት ሥር። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያምነኝ አንድ ሰው የለም። ሻይ ቤት ስገባ ጓደኞቼ ጠረጴዛውን ኳኳ እያደረጉ «ስንሻው፣ ክፈትልን፣ ፍልፈሎች ነን!» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በሳቅ የሚበልጠኝ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ዘንድሮ ሥራ አቁሜያለሁ። ጡረታ ወጣሁ እንዳልል ጡረታ የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ካሜራዬን ሸጬ፣ ሱቄን ለስልክ ሽፋን ሻጭ ለቅቄ ቁጭ አልኩ እንጂ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። አርባ አምስት ነው የምትመስለው ይሉኛል፤ የሚሉኝም እኔ ስጠይቃቸው ነው። የሠራሁትም ሥራ ሰው እየረገጣቸው የሚያልፋቸውን ትንንሽ ፍጥረቶች መቅረጽ ነው። አንበሳ አልቀረጽኩም። አንበሳማ መኪናና ገንዘብ ያለው ሁሉ ይቀርጻል። እኔ አልቅትን በቅሎ አፍንጫ ውስጥ ተጣብቃ ደም ስትጠጣ ቀርጫለሁ። በቅሎዋ ረግጣኛለች፤ ካሜራው ግን አልተንቀሳቀሰም። እስቲ ይሄን ያደረገ ሌላ ሰው ጥሩልኝ።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት የለም። የመጀመሪያ ካሜራዬ መመሪያ በጃፓንኛ የተጻፈ ነበር። ሥዕሎቹን እያየሁ ተማርኩ፤ በሥዕል ያልገባኝን ደግሞ ሰው ሰርግ ላይ እያበላሸሁ ተማርኩ።

አዎ፣ የጀመርኩት በሰርግ ነው። ሰርግ ላይ ቪዲዮ ቀራጭ ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ ያለ ሹም ነው። ሙሽራው በር ሲገባ ካመለጠኝ «ተመለስ!» እለዋለሁ፤ ከነሚዜዎቹ ተመልሶ ይገባል። ቀለበቱ ካልታየኝ ይወልቅና እንደገና ይደረጋል። አንድ ጊዜ የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን ሲሸኙ እንዲህ ያለ ልቅሶ አለቀሱ፣ ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ፤ የኔ ባትሪ ግን ሞቶ ነበር። ባትሪ ቀይሬ ተመለስኩና፦

«እማማ፣ እንደገና ያልቅሱልኝ።»

«ልጄ፣ እንባዬ አለቀ እኮ።»

«ልጅዎ እኮ ሄደች! ያውም መተማ! በዓመት አንዴ እንኳ አያገኟትም!»

አለቀሱ። የሁለተኛው ልቅሶ ከመጀመሪያው በለጠ። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ያወራው ስለዚያ ልቅሶ ነው። እኔም የሆነ ነገር ካመለጠህ ይደገማል፣ ሲደገምም ያምራል የሚል ትምህርት ይዤ ወጣሁ። ክፉ ትምህርት ነበር፤ ለመርሳትም ዘገየሁ።

በዚያው ዘመን ነው ከጋሽ ዘውዱ ጋር የተዋወቅነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ አሁንም አለች፣ ፎቶ የሚነሳ ባይኖርም። የመታወቂያ ፎቶ ለሚነሳ ሰው ምስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ክራቫት ነበራቸው። የምሥራቅ ጎጃም ወንድ ሁሉ ያንን ኮት ለብሷል ብል ብዙም አልዋሸሁም። ጋሽ ዘውዱ ታዲያ ፎቶውን አጥበው ሲጨርሱ በእርሳስ ጀርባው ላይ «ኮቱና ክራቫቱ የቤቱ ናቸው» ብለው ይጽፉበታል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«እኔ ግን ጽፌዋለሁ።»

አንድ አስተማሪ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረበት። ፎቶውን የሚልከው ለሚያጩለት ልጅ ስለሆነ «ያጥፉልኝ» አለ። በቀጭን ብሩሽ አሳምረው አጠፉለት። ከዚያ ጀርባውን ገልብጠው «ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ» ብለው ጻፉ። አስተማሪው ሳያይ ላከው። በኋላ ሰምቶ ፎቶ ቤቱን ሊያፈርስ መጣ። ልጅቷ ግን ጀርባውን አንብባ ነው እሺ ያለችው። «ቢያንስ አንድ የማይዋሽ ሰው አለ ከተማው ውስጥ» አለች አሉ። አስተማሪው ግን እስከዛሬ ለመልኩ ብላ እሺ ያለችው ይመስለዋል።

ሰው ሲያነሱ አንድ ሁለት ሦስት አይሉም። አገጩን ቀና ማድረግ ከፈለጉ በእርሳሳቸው ጫፍ አቅጣጫውን ያሳዩታል እንጂ አይነኩትም። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ ያወሩታል፤ ሰውየው ካሜራውን የሚረሳባት አንዲት ቅጽበት አለች፣ እሷን ይጠብቃሉ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ይጠብቃሉ። የካሜራውን መስታወት የሚጠርጉት ብዙ ጊዜ ታጥቦ በሳሳ ካናቴራ ነው፤ መጀመሪያ እፍ ይሉበታል፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር በአንድ ጣት። ይሄን ሁሉ ከሳቸው ወሰድኩ። እርሳሱን ብቻ አልወሰድኩም።

ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ፎቶ የሚያጥቡበትን የጨለማ ክፍል በር አንኳኳለሁ። ሳያንኳኩ ከከፈቱት ብርሃን ገብቶ የሰው ፎቶ ሁሉ ይቃጠላል። ኳ፣ ቆም ብዬ ኳኳ፣ ከዚያ ኳ። ከውስጥ «ስንሻው፣ ቆይ!» ይሉኛል። ሌላ ሰው ሲያንኳኳ «ማነው?» ነው የሚሉት። ለእኔ ግን አንድም ቀን ማነው ብለው አያውቁም።

ወደ ትንንሾቹ የገባሁት መርጡለ ማርያም ሰርግ ላይ ነው። ሙሽራው ዘገየ፤ ዳሱ ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንዲት ጢንዚዛ ከሷ የሚበልጥ የእበት ኳስ በኋላ እግሮቿ እየገፋች፣ በጭንቅላቷ ተተክላ ስትሄድ አየሁ። ካሜራውን መሬት ላይ አስተኛሁት፤ እኔም አጠገቡ ተኛሁ። ነጭ ልብስ ለብሼ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረጽኳት። ጉድጓዷ አፍ ላይ ስትደርስ «ሙሽራው መጣ!» ተባለና ሮጥኩ። በኋላ ካሴቱን ሳቀናብር ልቆርጣት አልጨከንኩም፤ ሰርጉ መሃል ተውኳት።

በሳምንቱ የሙሽራው አባት ዱላቸውን ይዘው ሱቄ መጡ።

«አንተ! እኛ ሰርግ ውስጥ እበት ምን ይሠራል?»

«አባባ፣ ይቅርታ፣ አወጣዋለሁ።»

«እንዳታወጣው!» አሉኝና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኳሷን አስገባቻት ወይስ አላስገባቻትም?»

ያን ቀን ነው ሥራዬን ያወቅሁት። ሰው ሙሽራውን ትቶ ጢንዚዛዋን ካየ፣ ምን እፈልጋለሁ?

ከዚያ በኋላ ሰርግ እየሠራሁ በትርፍ ጊዜዬ እነሱን ማሳደድ ጀመርኩ። አምስት አምስት ደቂቃ፣ ስማቸውም «ትንንሾቹ»። ትንሽ ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ሌንስ መግዛት አልችልም ነበር፤ ከተሰበረ ባይኖኩላር መስታወቱን አውጥቼ በፕላስተር ካሜራው አፍ ላይ ለጠፍኩት። ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፣ መሃሉ ግን የጉንዳን ዓይን ያሳያል። ሆዴ ሥር የጤፍ ከረጢት አነጥፋለሁ፤ ክርኔ እንዳይንቀጠቀጥ በጨርቅ የታሰረ አሸዋ። እስስት ምላሷን ስትወረውር ለመያዝ አንድ ቁጥቋጦ ሥር አራት ቀን ተኝቻለሁ። የአገሬው ሰው «ከነካችህ ትሞታለህ» እያለ በሩቁ ይዞረኝ ነበር፤ አንዳንዱ የሞትኩ መስሎት መጥቶ ስሜን ጠርቶኛል። በመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሰንጥቃ የምትወጣዋን እንቁራሪት ለመያዝ ሦስት ክረምት ፈጀብኝ። እስዋን ሳገኛት ጮህኩ፤ እስዋም ተመልሳ ገባች። አራተኛ ክረምት።

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ አየውና ወሰደው። ስሙን አልጠራም። ክፍያው ለባትሪው ይበቃ ነበር፣ ለባለ ባትሪው ግን አይበቃም፤ ይሄው ነው ስለ ክፍያ። አለቃዬ የሆነው ዋና አዘጋጁ ክራቫቱ ሁልጊዜ የጠበቀ ሰውዬ ነበር።

«ስንሻው፣ ጭላዳ የለህም? ቀይ ቀበሮ? ሰው እነሱን ነው የሚወደው።»

«አለቃዬ፣ ጭላዳ ሁሉም ሰው አለው። እኔ የሸረሪት ሰርግ አለኝ።»

«ሰርግ?»

«ሙሽራው በመጨረሻ ይበላል።»

ተላለፈ። ሰው ወደደው። ሱቄ ድረስ «የሸረሪቱ ሰውዬ» እያሉ የሚመጡ ነበሩ። እኔ ደግሞ መወደድ ስጀምር ልክ የለኝም።

አሁን ፍልፈሉ ጋ ደረስን። አያ አንሙት ድንች ገበሬ ነው፤ የሰርጉን ቪዲዮ የሠራሁለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ገበያ አግኝቶኝ «አንተ ካሜራ፣ ትንንሽ ከወደድክ ማሳዬ ውስጥ ሞልቶልሃል፤ ድንቼን ከሥር እየጎተተ ጨረሰኝ» አለኝ። ሄድኩ። ማሳው ላይ አዲስ የአፈር ክምር እዚህም እዚያም። አንሙት ዱላ አጉብጦ በገመድ ወጥመድ ሲያሰናዳ አገኘሁት።

«አያ አንሙት፣ አንድ ወር አትግደለው።»

«ምን?»

«ልቅረጸው።»

«ድንቼን እየበላ ፎቶ ይነሳ? ከዚያስ ምን ልስጠው፣ ወንበር?»

ሚስቱ እትዬ ይታይሽ ከወዲያ ድንች እየቆፈረች ሰማችን። «ተወው እስቲ አንሙት። አንተ ከያዝካቸው እነሱ ይበዛሉ። ወር ምን አላት?» አለች። ለእኔ ደግሞ ቀና ብላ «እኔን ግን እንዳትቀርጸኝ። ፊቴን ለማላውቀው ሰው አላሳይም» አለችኝ። ማልኩላት። አልቀረጽኳትምም።

ፍልፈል ብቻውን ነው የሚኖረው፣ አንድ ቤት አንድ ፍልፈል። ዓይኑ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል፤ ጥርሱ ብርቱካንማ ነው፣ አፉን ዘግቶም ይታያል። ከመሬት በላይ ብዙም አይወጣም፤ ስለዚህ እኔ መግባት አለብኝ። የመተላለፊያውን ጎን በቢላ ከፍቼ የመስኮት መስታወት ገጠምኩበትና ላዩን በከረጢት ሸፈንኩት። በመጀመሪያው ሳምንት መስታወቱን በጭቃ ለሰነብኝ። ሌላ ቦታ ከፈትኩ። እሱንም ለሰነው። ሦስተኛው ላይ ሰለቸው፣ ወይ ለመደኝ። ከዚያ የሙሽራ ማይክ፣ ያቺን ኮት ላይ የምትቆነጠጠዋን፣ በስስ ፌስታል ጠቅልዬ አፈሩ ውስጥ ቀበርኳት። ጆሮዬ ላይ ሰክቼ መሬቱን አዳመጥኩ። አፈር ሲታኘክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሥር ሲቆረጥ? እኔ ሰምቻለሁ። ግን ስለ ማንኳኳት እንኳን ላስብ፣ ማንኳኳት የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከረጢቱን ገለጥ አድርጌ እያየሁ ነበር። ፍልፈሉ መጣ፣ ቆመ፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ የዋሻውን ጣሪያ በራሱ መታ። ዱ ዱ ዱ ዱ ዱ፣ በፍጥነት፣ እንደሚንቀጠቀጥ ሰው። ዝም አለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከክምሩ ወዲያ ካለው ከሌላኛው ቤት፣ ቀስ ብሎ ዱ ዱ ዱ መጣ። የኛው ሰማና ደገመ። ያኛው መለሰ።

አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለአንሙት ሰጠሁት። ዓይኑ ፈጠጠ። ይታይሽ «ምንድነው?» አለች። መልስ የሚሰጣት ስታጣ መቆፈሪያዋን ጣለች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ አደረገች፣ ጆሮዋን መሬቱ ላይ ለጠፈች። በኔ ዕቃ አይደለም፤ በጆሮዋ። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ጉንጯ አፈር ነበር። የሆነ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቴን በኋላ ታውቁታላችሁ።

አሁን ስለ ቀይዋ ቁልፍ ልንገራችሁ። አንዴ ስትጫን ካሜራው ይቀርጻል፤ ደግመህ ስትጫን ያቆማል። እኔ ቀድሜ ተጭኛት እየቀረጽኩ ነበር፤ ያልጀመርኩ መስሎኝ ማንኳኳቱ ሲጀምር ደግሜ ተጫንኳት። ቆመ። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ አቆምኩ ብዬ ተጫንኳት። ጀመረ። ቤት ሄጄ ስከፍተው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያለው የአንሙት ኮንጎ ጫማ፣ ጭቃ፣ እና «አየህ? አየህ?» የሚል የኔ ድምፅ ነው። ሰርግ ላይ ስንት ጀማሪ ቀራጭ በዚች ቁልፍ ስቄበታለሁ!

ተመልሼ ሄድኩ። ፍልፈሉ ሦስተኛውንም መስታወት ለስኖታል። አሥር ቀን ጠበቅሁ። እኔ ግን ለአለቃዬ ቀድሜ ደውዬ ነበር። «አለቃዬ፣ ፍልፈል ሲያንኳኳ ይዣለሁ!» አልኩት። ይዣለሁ ነው ያልኩት። እሱም ለበዓል ፕሮግራም ማስታወቂያ አስነግሮ ነበር። ጋሽ ዘውዱ ቢሆኑ ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን የሙሽራዋን እናት ሁለት ጊዜ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ።

አንሙትን «አንድ በሕይወቱ ያዝልኝ» አልኩት። ያዘልኝ። ሱቅ ውስጥ ብስኩት የሚደረደርበትን የመስታወት ሳጥን በማሳው አፈር ሞልቼ አስገባሁት። ጥግ ይዞ ተቀመጠ እንጂ አላንኳኳም። ጭንቅላቱን ቀና እንዲያደርግ ከሥሩ በእንጨት ጎነተልኩት፤ ቀና አለ፣ ቀረጽኩ። ድምፁ? ማይኳን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ሳጥኑን በጣቴ መታሁት። መልሱንም እኔው መታሁ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ። ከዚያ አንሙትን ማሳው ላይ አቆምኩት።

«አያ አንሙት፣ እንደዚያን ቀን ተገረም።»

«እንዴት ነበር የተገረምኩት?»

«‹እግዚኦ! መለሰለት እኮ!› በል።»

«እንደዚያ አላልኩም ግን።»

«በለው ግድ የለም።»

ሰባት ጊዜ አስደገምኩት። ሰባተኛው አሪፍ ነበር። ፍልፈሉን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳጥኑ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ሞቶ አገኘሁት። አንሙት «ለምን ታዲያ ወጥመዴን ከለከልከኝ?» አለኝ። ቀልዶ አይደለም፣ የእውነቱን ነው የጠየቀኝ።

ከሠራሁት ሁሉ የተወደደው እሱ ሆነ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ተማሪ ሁሉ ዴስኩን እየመታ አስተማሪ አስመረረ። ምስክር ወረቀቱን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ጋሽ ዘውዱ ጋ ሄድኩ፤ ፎቶ ቤታቸው ውስጥ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው። እጃቸውን አጣጥፈው አዩ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ሁለተኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት።

«ስንሻው።»

«አቤት ጋሼ።»

«ፍልፈሉ የት ነው የተማረው?»

«ምኑን?»

«እንደ አንተ ነው የሚያንኳኳው።»

ኳ፣ ቆም ብሎ ኳኳ፣ ከዚያ ኳ። እኔ እኮ ልብ አላልኩትም! እጄ በለመደው ሄዷል። «ጋሼ፣ ሁላችንም የአንድ አገር ልጆች ነን፣ ያው ነው የምናንኳኳው» ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ሥር አወጡ።

«ጀርባው ላይ ምን ልጻፍ?»

«ቪዲዮ ጀርባ የለውም ጋሼ።»

«እኮ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ቁልፏ፣ ስለ ሳጥኑ። «ግን ጋሼ፣ እውነተኛውን ሰምቻለሁ! አይቻለሁም! እንዲህ አልነበረም ድምፁ፣ ከዚህ ይፈጥናል።»

«የሰማኸውን መጥተህ ብትነግረኝ አምንህ ነበር» አሉ። «ያለ ሥዕል፣ ያለ ድምፅ። አንተ ያልሰማኸውን አሰማኸኝ። አሁን የቱን ልመን?»

ለአለቃዬ ደወልኩ፣ አስተካክሉት አልኩት። «ሰው ወዶታል፣ ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር መተዉ ተመቸኝ። ከዚያ ነኢማ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት፣ ከጅማ የመጣች፣ ሱቄ ድረስ መጣች። ተማሪዎቿን ይዛ ልታጠናው ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር ተመዝግቧል ይባላል፤ እዚህ የያዘው ሰው ግን አላውቅም። ያልተቆረጠውን ቅጂ ስጠኝ» አለችኝ። ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዩ! ልዋሻት አልቻልኩም። ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፦

«እና ምንም አላንኳኳም?»

«አንኳኩቷል! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ጣትህን ነው የሰማኸው» አለች፣ በትህትና። ትህትናዋ ነው የገደለኝ።

ለጣቢያው ጻፈች፤ ልክ ናት። ጣቢያው ደግሞ ፍልፈሉን ብቻ ከስርጭት አላነሳም፣ «ትንንሾቹን» በሙሉ አነሳ። አልቅቷም፣ እስስቷም፣ አራት ክረምት የጠበቅኳት እንቁራሪትም ውሸት ሆኑ። ሰውም «እሱ እንቁራሪቷንም ከኪሱ ነው ያወጣት» አለ። አሁንማ ደግሞ ስልክ ራሱ የሌለ እንስሳ እየፈጠረ በሚያሳይበት ጊዜ፣ ስንሻው በሆዱ ተኝቶ አራት ቀን እስስት ጠበቀ ብሎ ማን ያምናል? ሥራው የሞተው ያኔ ነው። ካሜራው የተሸጠው በኋላ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፦ ጋሽ ዘውዱ እንዲያምኑኝ። ሌላው ባያምን ይቅር። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ከወንበር አያስነሳቸውም፣ መንገድ አይሄዱም። ስለዚህ አያ አንሙትን ይዤላቸው ሄድኩ። ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«እስቲ ያየኸውን ንገረኝ» አሉት።

አንሙት ጉሮሮውን ጠረገ። «እግዚኦ! መለሰለት እኮ!» አለ። እጁንም ልክ እንዳስተማርኩት አነሳ።

«በሌላ ቃል ንገረኝ።»

አሰበ። ላብ አጠመቀው። «በሌላ ቃል… እንዴት ነበር ስንሻው? ያን ቀን ያልኩትን እኮ ይሄኛው አስረሳኝ» አለ። ምስኪኑ እውነቱን ነበር የሚናገረው። ሰባት ጊዜ አስደግሜ ያየውን ከጭንቅላቱ አውጥቼ የኔን ከትቼበታለሁ።

ጋሽ ዘውዱ አልተቆጡም። «ስንሻው፣ አንተ ያላለማመድከው ሰው አለ?» አሉኝ ብቻ።

አለ። እትዬ ይታይሽ። አንዲት ቃል አላልኳትም፤ አንድም ጊዜ አልቀረጽኳትም። በማግስቱ ጠዋት የአማኑኤል ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ «እትዬ ይታይሽ፣ እንዲህ ብለሽ ጀምሪላቸው፣ ጆሮሽን መሬት ላይ ማድረግሽን እንዳትረሺ፣ ከዚያ ያኔ ያልሽውን…» እያልኩ በልቤ ሳሰናዳ ራሴን ያዝኩት። እጄም ጭኔ ላይ ሆኖ የት እንደምትቆም እያመለከተላት ነበር። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ሾፌሩ «እዚህ ሜዳ ላይ? ምን አለህ?» አለኝ። ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ መንደር አልረገጥኩም። አንሙትንም ስለዚያ ቀን እንዳያወራት ለምኜዋለሁ፤ ይጠብቅልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ እናንተ ሂዱ። ከአማኑኤል ከተማ ስትወጡ ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለውን የእግር መንገድ ያዙ፤ የአንሙትና የይታይሽ ቤት ብትሉ ያሳዩአችኋል። ውሻቸው ይናከሳል፣ ከአጥር ውጭ ሆናችሁ ተጣሩ። ስንሻው ላከን አትበሏት። ይሄን ጽሑፍም አታንብቡላት፤ ያኔ ያለችውን እዚህ ያልጻፍኩትም ቃል እንዳላቀብላት ነው። በድንች ማሳው ያን ቀን ምን እንደሰማች ብቻ ጠይቋት፣ ከዚያ ዝም በሉ፤ እሷ ስትጨርስ ደግማ እንድትነግራችሁ እንዳትጠይቋት። ያለችውን ደብረ ማርቆስ ላሉት ለጋሽ ዘውዱ እንጂ ለእኔ አታምጡ። «ምንም አልሰማሁም» ካለችም እሱኑ ንገሯቸው። እኔን አትመኑኝ። ሂዱና እሷን ጠይቋት፤ ብቻ ፍጠኑ፣ ሽማግሌው ደክመዋል።